ትልልቅ ጥይቶችን መለየት እንዲህ ቀላል አይደለም፦ በሰፊው ለተጋራ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጥይት በሚሰበስቡ ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። የሚያወራው ትልልቅ ጥይቶችን፣ ማለትም ከ11 እስከ 20 ሚሊሜትር ገደማ ያሉትን፣ የድሮም ይሁኑ ዘመናዊ፣ በቀላሉ ስለ መለየት ነው። አጻጻፉ ያምራል። ጀማሪን ያበረታታል። ብዙ ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ግን ከሐሳቦቹ አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ያስጎዳሉ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የአረሩን ውፍረት ከለካችሁ ጥይቱን አወቃችሁ ይላሉ። የቀረውን የቂጡ ጽሑፍ ይነግራችኋል፤ ጽሑፍ የሌለው ጥይት ሐሰተኛ ነው፣ ካልሆነም ዋጋ የለውም። የአረሩ ጫፍ ቀለም በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ብረት በሺ፣ አረንጓዴ ከሆነ ትሬሰር (ሲሄድ መንገዱን በብርሃን የሚያሳይ)፣ ሰማያዊ ከሆነ የልምምድ። ማግኔት የሳበው አረር ብረት በሺ ነው። ከ20 ሚሊሜትር በታች የሚፈነዳ አረር የለም። ፕራይመሩ የተመታ ጥይት ሞቷል። ጥይት እንዲያምር በናስ ማጽጃ ይወልወል። ነጥብ 50 ብራውኒንግ የሚባለው የአሜሪካ መትረየስ ጥይት ደግሞ የጀርመን ጥይት ግልባጭ ነው። ጽሑፉ ባጭሩ ይኸው ነው።

እኔ ቀለህ ስል ባሩዱን የያዘውን ቆርቆሮ፣ አረር ስል ተወርውሮ የሚሄደውን፣ ፕራይመር ስል ቂጡ መሀል ያለችውን መለኮሻ ቆብ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመለካት እንጀምር። ጸሐፊው ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዙ ማለታቸው ትክክል ነው። በዓይን ግምት የሚለይ ሰው ቶሎ ይሳሳታል። የማልቀበለው የአረሩ ውፍረት ብቻውን ይበቃል ማለታቸውን ነው። ነጥብ 50 ብራውኒንግን እና የዲሽቃን ጥይት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የመጀመሪያው 12.7×99 ነው፣ ሁለተኛው 12.7×108፤ የፊተኛው ቁጥር የጥይቱ መጠሪያ ስፋት፣ የኋለኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። የሁለቱም አረር ሲለካ 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጸሐፊው መንገድ ከሄድን አንድ ጥይት ናቸው ማለት ነው። ግን የዲሽቃው ቀለህ በ9 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ቂጡም ከብራውኒንጉ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይሰፋል፣ አንዱም ለሌላው መሣሪያ አይሆንም። ደግሞ ስማቸው 12.7 ሆኖ ሳለ አረራቸው 13 መሙላቱን ልብ በሉ። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአፈሙዙ ውስጠኛ ስፋት ነው፤ አረሩ ግን አፈሙዙ ውስጥ የተቆረጡትን ጥምዝ ቦዮች እንዲሞላ ትንሽ ይወፍራል። የ14.5×114 አረርም ሲለካ 14.9 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ጀማሪው 14.9 የሚባል ጥይት ሲፈልግ ይውላል፣ እንዲህ የሚባል ጥይት ግን የለም።

እሺ፣ የቀለሁን ርዝመት እንጨምርበት። እሱም ብቻውን አይበቃም። 99 ሚሊሜትር የሆነ ቀለህ ያላቸው ቢያንስ ሦስት የታወቁ ትልልቅ ጥይቶች አሉ። አንዱ ራሱ ነጥብ 50 ብራውኒንግ ነው። ሌላው የፈረንሳዩ ሆችኪስ 13.2×99 ነው። ሦስተኛው ብሪታንያ በ1937 ለቦይስ ፀረ ታንክ ጠመንጃ የተቀበለችው 13.9×99 ነው። የቦይሱ አያስቸግርም፤ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ቀበቶ የሚዞር ወፍራም ጠርዝ አለው። ሆችኪሱ ግን ከብራውኒንጉ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ አረሩ የሚበልጠው በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰብሳቢ ዘንድ ብራውኒንግ ተብሎ የተቀመጠ ሆችኪስ ቢገኝ አይገርመኝም።

ከሁሉም የሚያስቸግሩት ግን 81 ሚሊሜትሮቹ ናቸው። የእንግሊዙ ቪከርስ 12.7×81 ነው፣ የጣሊያኑ ብሬዳም 12.7×81 ነው። አረሩም የቀለሁ ርዝመትም አንድ ነው። ልዩነቱ ከንፈሩ ላይ፣ ማለትም በቂጡ ዙሪያ ያለው ጠርዝ ላይ ነው። የብሬዳው ከንፈር ከቀለሁ አካል ትንሽ ወጣ ይላል፣ የቪከርሱ ግን ከአካሉ እኩል ነው። ይህን በዓይን ለመለየት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ የከንፈሩን ስፋትና ከሱ በላይ ያለውን የቀለህ ውፍረት ለክቶ ማወዳደር ይሻላል። የብሬዳውን ጥይት ደግሞ የጃፓን ጦር ሆ 103 ለሚባለው የአውሮፕላን መትረየሱ ወስዶታል፤ ስለዚህ ከንፈሩን ከለየን በኋላም የማን አገር ነው የሚለው ጥያቄ ገና ይቀራል። ከዘመናዊዎቹም ላንሳ። 416 ባሬት የተሠራው የነጥብ 50ን ቀለህ አሳጥሮና አንገቱን አጥብቦ ነው። ቂጡን ብቻ ያየ ሰው ነጥብ 50 ነው ብሎ ይምላል። የሩሲያው 12.7×55 ደግሞ ከዲሽቃው ጋር የስም ቁጥሩን ይጋራል እንጂ ቀለሁ ግማሹን ያህል ነው። የአረር፣ የአንገት፣ የቀለህ ርዝመት፣ ከከንፈሩ በላይ ያለው ውፍረት እና የከንፈሩ ስፋት፤ እነዚህን ሁሉ ሳልለካ ስም አልሰጥም። ቀለሁ ትከሻ ያለው ነው ወይስ ቀጥ ያለ የሚለውም አብሮ ይጻፋል።

ወደ ቂጥ ጽሑፉ ልሂድ። ጽሑፉ እንደሚጠቅም አልክድም። ግን የጦር ሠራዊት ጥይት ላይ ብዙ ጊዜ የጥይቱ ስም የለም፤ የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ቢሆን ማንበብ ለሚያውቅ ነው። የአሜሪካው ሌክ ሲቲ ፋብሪካ ስሙን በሁለት ፊደል አሳጥሮ ከዓመቱ ሁለት ቁጥሮች ጋር ይመታል። በ1944 ግን እሱም ሌሎች የአሜሪካ ፋብሪካዎችም «4» ብቻ የመቱባቸው ጥይቶች አሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ያቺን «4» የፋብሪካ ቁጥር ያደርጋታል። ሶቪየቶች ደግሞ ፋብሪካውን በቁጥር ይጽፋሉ፤ 188 ኖቮሲቢርስክ፣ 3 ኡሊያኖቭስክ፣ 17 ባርናውል። ከ1952 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት የዓመቱን ቁጥር ትተው በፊደል ተክተውት ነበር፤ «ጌ»፣ «ዴ»፣ «ዬ»፣ «ኢ»፣ «ካ» በቅደም ተከተል አምስቱን ዓመታት ይወክላሉ። በጸሐፊው መመሪያ የሚሄድ ሰው ይህን ሲያይ ወይ ዓመት የለውም ይላል ወይ ፊደሉን የአገር ምልክት ያደርገዋል።

ጽሑፍ የሌለው ሐሰተኛ ነው የሚለው ግን ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። ምክንያቱም በዚህ ምክር የሚጣሉት ምርጦቹ ናቸው። የአሜሪካው ፍራንክፎርድ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በጠመንጃ ጥይቱ ላይ ምልክት መምታት የጀመረው በመጋቢት 1877 ነው። በ1866 የወጣው 50-70 እና በ1873 የወጣው 45-70 የሚባሉት የጠመንጃ ጥይቶች ከዚያ በፊት ሲመረቱ ቂጣቸው ባዶ ነበር። እንዲያውም የነዚያ ዘመን ጥይቶች ፕራይመራቸው በውስጥ በኩል ስለሆነ ከውጭ አይታይም፤ ጠርዙ ሲመታ የሚተኩስ ጥይት ይመስላሉ። የሚለያቸው ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ የተጨመቀው ምልክት ነው፤ ውስጥ ያለውን መለኮሻ የያዘው እሱ ነው። የጥንቱ የሰናድር ጥይትም ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ የተሠራ ነው፣ ቂጡ ላይ የብረት ዝርግ አለው። ጀማሪ ቢያየው አንድ ሰው ቤቱ የሠራው ይመስለዋል። ጸሐፊውን የሰማ ሰው እነዚህን ሁሉ አውጥቶ ይጥላቸዋል፤ ይህ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ነው።

ነጥብ 50 የጀርመን ግልባጭ ነው ስለሚለው ብዙ አልልም። ጀርመኖች በ1918 ለማውዘር ፀረ ታንክ ጠመንጃ የሠሩት 13.2×92 ከንፈሩ ከአካሉ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ብራውኒንጉ ግን 30-06 የሚባለው የአሜሪካ የጠመንጃ ጥይት ተለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ዝምድናውን ወዲያው ያየዋል። ጸሐፊው ጨርሰው ተሳስተዋል ግን አልልም። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሙከራዎች የተፈለገውን ፍጥነት አላመጡም ነበር፤ የተማረከው የጀርመን ጥይት ጉልበት ምን ድረስ መሄድ እንዳለባቸው አሳይቷቸዋል። አንድን ነገር አይቶ መበርታት ግን መገልበጥ አይደለም።

ስለ መወልወል። እዚህ ላይ ጸሐፊው በቅን ልብ የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ከእያንዳንዱ ጋር መረጃውን ጽፋችሁ አያይዙ ማለታቸውን ከልቤ እደግፋለሁ። ግን ናስን ከአሞኒያ ጋር ማገናኘት ክፉ ነገር ነው። የእንግሊዝ ጦር በሕንድ ሳለ በዝናብ ወቅት ፈረስ ጋጥ ውስጥ የተቀመጡ ጥይቶች አንገታቸው ላይ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ምክንያቱ በደንብ የተብራራው በ1921 ነው። ቀለሁ ሲሳብና አረሩን እንዲይዝ ሲጨመቅ ናሱ ውስጥ ውጥረት ይቀራል፤ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ እርጥበት ሲያገኝ በዚያ ውጥረት ላይ ይሠራና ናሱን ይሰነጥቀዋል። ብዙ የናስ ማጽጃዎች ውስጥ አሞኒያ አለ። ያበራችሁት ጥይት ከጊዜ በኋላ አንገቱ ላይ ቀጭን መስመር ሲያወጣ ምክንያቱን ፈልጋችሁ አታገኙትም። በዚያ ላይ መወልወል የአረሩን ቀለም፣ በፕራይመሩ ዙሪያ ያለውን የቀለም ቀለበት እና የቂጡን ጽሑፍ ይበላል። ብርማ መልክ ያለው የነጥብ 50 ቀለህ አግኝቶ ቆሽሿል ብሎ ወደ ናስነቱ የሚመልሰው ሰው አለ፤ ያ ብርማነት ግን ቆርቆሮ የተቀባበት ምክንያት ስላለ ነው። መሣሪያው ከባድ ግፊት መቻሉን ለመፈተን የሚተኮሰው ጥይት እንዲህ ይለያል። ሲወለወል መለያው ጠፋ ማለት ነው። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ማግኔቱ አያከራክርም። የነጥብ 50 ተራ ጥይት የሆነው ኤም 33 ውስጡ ለስላሳ ብረት ነው፣ ማግኔት ይስበዋል፤ ብረት በሺ ግን አይባልም። ብዙ አገሮች ደግሞ የአረሩን ልባስ ራሱን ከብረት ይሠሩና በላዩ ስስ መዳብ ያለብሱታል። ማግኔት ብረት እንዳለ ይነግራል፣ ምን ዓይነት ብረት የት እንዳለ ግን አይነግርም።

አሁን ወደ ቀለሙ፣ ማለትም ዋናው ጉዳዬ ወደሆነው ልምጣ። ቀለም ምልክት ነው፣ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ውስጥ በደንብ ይሠራል። በዓለም ሁሉ አንድ ነው ሲባል ግን አደጋው ይጀምራል። ጥቁርን እንይ። የአሜሪካው ነጥብ 50 ኤም 2 ጫፉ ጥቁር ነው፣ ብረት በሺ ነው፣ እዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የሶቪየቱ ቢ 32 ግን ጥቁር ጫፍና ከሥሩ ቀይ ቀለበት አለው፤ ብረት መብሳት ብቻ ሳይሆን ውስጡ የሚያቀጣጥል ነገር አለ። ቀለበቷ ደብዝዛ ወይም ተልጣ ከሆነ ልዩነቱ አይታይም። አረንጓዴን እንይ። በሶቪየት የ7.62 ጥይቶች አረንጓዴ ጫፍ ትሬሰር ነው። የአሜሪካው 5.56 ኤም 855 ጫፉ አረንጓዴ ነው፣ ትሬሰር ግን አይደለም። የነጥብ 50 ማርክ 211 ደግሞ አረንጓዴ ጫፍና ግራጫ ቀለበት አለው፤ እሱ ብረት ይበሳል፣ ያቀጣጥላል፣ ይፈነዳልም። ሦስት አረንጓዴ፣ ሦስት የተለያየ ነገር።

ቀለሙ ጫፉ ላይ ብቻም አይደለም የሚቀመጠው። በፕራይመሩ ዙሪያ የሚቀባ አገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በዚያ ቦታ አረንጓዴ ሲቀቡ ብረት በሺ፣ ቀይ ሲቀቡ ትሬሰር ማለታቸው ነበር። ጀርመኖች በ7.92 ጥይታቸው ላይ አረንጓዴውን ለተራው፣ ቀዩን ለብረት በሺው ሰጥተውታል። እንግሊዞችም ቤሳ ለሚባለው የታንክ መትረየሳቸው ያንኑ 7.92 ስለሠሩ አንድ ዓይነት ጥይት፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ተቃራኒ ትርጉም ይዞ ይገኛል። ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ቀለሙን ማንበብ አይቻልም።

ሰማያዊው ግን ከሁሉም ይከፋል። ጸሐፊው «ሰማያዊ ካያችሁ የልምምድ ነው፣ አትስጉ» ብለዋል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኔቶ አገሮች ለልምምድ መሣሪያዎች ቀላል ሰማያዊ ይጠቀማሉ፤ ኤም 858 የሚባለው የነጥብ 50 የልምምድ ጥይትም ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። ነገር ግን የዚያው የነጥብ 50 ኤም 1 የተባለው አቀጣጣይ ጥይት የአረሩ ጫፍ ሰማያዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ነዳጅ ለማቃጠል የተሠራ ነው። የአንዱ አረር የፕላስቲክ ቁራጭ ነው፤ ሌላው የተለበጠ አረር ውስጥ ተቀጣጣይ ድብልቅ የያዘ ነው። ይህ አንቀጽ ዛሬ ነገ ሳይባል መስተካከል አለበት፤ ጸሐፊውን በትሕትና እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ያጋራችሁም ይህችን ነገር ብቻ እንኳ ከሥሩ ጻፉበት።

ከ20 ሚሊሜትር በታች የሚፈነዳ አረር የለም የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ይህ እምነት መሠረት የለውም አልልም። በ1868 በሴንት ፒተርስበርግ የተፈረመው ስምምነት ክብደቱ ከ400 ግራም በታች የሆነ የሚፈነዳ ወይም ተቀጣጣይ ነገር የተሞላ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ይከለክላል። ስለዚህም ነው ኖርደንፌልት የሚባለው የዚያ ዘመን መሣሪያ ባለ 1 ኢንች ጥይት አረር ድፍን ጠንካራ ብረት የሆነው። ጸሐፊው ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተናግረው ቢሆን ኖሮ በአብዛኛው እስማማ ነበር። ግን ስምምነቱ ራሱ የተፈረመው እንዲህ ያሉ ትናንሽ አረሮች ስለነበሩ ነው፤ ሩሲያ በ1863 ጠንካራ ነገር ሲነካ የሚፈነዳ የጠመንጃ አረር ሠርታ ነበር፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም የሚፈነዳ የጠመንጃ አረር ጥቅም ላይ ውሏል። ከዚያ አውሮፕላን መጣና ክልከላው ላላ። በ1874 የወጣው የውጅግራ 11×59 ጥይት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአየር ላይ የተንሳፈፉ የቅኝት ፊኛዎችን ለማቃጠል በቪከርስ መትረየስ ተመልሶ መጥቷል፣ ተቀጣጣይ አረር ይዞ። ያ 12.7×81 የብሬዳና የሆ 103 ጥይት የሚፈነዳ አረር ነበረው። ኤምዲዜድ የሚባለው የሶቪየት ጥይት 14.5 ነው፣ ይፈነዳል። ከላይ ያልኩት ማርክ 211ም 12.7 ነው። የመጠን ድንበሩ ለሕግ ይመች ይሆናል እንጂ ለሰው እጅ መጠበቂያ አይሆንም። ሕጉም ቢሆን ከአገር አገር ይለያያል፤ አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ የሚታየው የአረሩ ስፋት ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለው የሚፈነዳ ወይም የሚያቀጣጥል ነገር ከሩብ አውንስ፣ ማለትም ከ7 ግራም ገደማ፣ መብለጡም ነው።

የቀረው የተመታው ፕራይመር ነው። ቂጡ ላይ የመርፌ ምት ያለበትና አረሩ ያልወጣ ጥይት የሞተ ሳይሆን የከሸፈ ነው። መርፌው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ መለኮሻው እርጥበት ገብቶት ሊሆን ይችላል፤ ባሩዱ ግን ሙሉ ለሙሉ እዚያው ነው። አንዳንዴ ደግሞ የተተኮሰ ቀለህ ላይ ሌላ አረር ገጥመው የሚሸጡ አሉ፤ እሱም ምት አለው፣ ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አይለዩም። ነቅንቆ መስማት አያዋጣም፤ ሞልቶ የተጠቀጠቀ ባሩድ ድምፅ የለውም። መመዘን ፍንጭ ይሰጣል፣ የነጥብ 50 ባሩድ ብቻውን 15 ግራም ገደማ ስለሆነ መጉደሉ ሚዛን ላይ ይታያል፤ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እኔ ባዶ ነው የምለው ቀለሁ ጎን ላይ ተበስቶ ውስጡ ሲታይ ወይም ፕራይመሩ ወጥቶ ቀዳዳው ወለል ብሎ ሲታይ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ በራሱ መሰርሰሪያ እንዳይሞክረው፤ በሕግ የተፈቀደለት ባለሙያ ሥራ ነው። ከመሬት የወጣ ያልታወቀ ጥይት ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው አይነሳም፤ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለሚመለከተው ክፍል መናገር ነው። ባሩዱ ተራግፎ ፕራይመሩ የወጣለት ጥይት እንኳ አረሩ ቢ 32፣ ኤም 1 ወይም ማርክ 211 ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ድብልቅ ከቀለሁ ጋር አልተራገፈም።